ለገሠሠ የተነፋው ጥሩምባ

ገሠሠ ቦንጋን ከአደጋ ለመጠበቅ ከተቀጠረ ሰባት ዓመቱ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቦይ ጥረጉ፣ ጎርፍ ይመጣል እያለ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል፤ ማን ሰምቶት! እትዬ በዛወርቅማ ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ የለጠፈ ቀን፣ ቀለሜን አበላሸህ ብለው መንገድ ላይ አቁመው ሰድበውታል።

እንዲህ ሳለ ከሦስት ክልሎች እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ ተባለ። የአደጋ ዝግጁነት ልምድ ሊቀስሙ! ከማን? ከገሠሠ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ዙፋን አስጠርተው ነገሩን አፍረጥርጠው ነገሩት፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኾ ነዋሪው በግማሽ ሰዓት ቢሮው ፊት ያለው ሜዳ ላይ ካልተሰበሰበ እሱ ወደ ዋጫ ይዛወራል። ዋጫ መጥፎ አገር ሆኖ አይደለም። ሚስቱ መሲ ግን የምታስተምረው ቦንጋ ነው፤ ከተጋቡም ገና አምስት ወራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። ከሳ፣ ጠቆረ።

ቀኑ ደረሰና እንግዶቹ ከቢሮው ፊት ለፊት ሜዳው ዳር ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አራት ሰዓት ላይ ገሠሠ የሳይረኑን ቁልፍ ተጫነ። ጭጭ። መብራት ሄዷል። ጄኔሬተሩስ? ናፍጣ የለውም። ዝግጁነት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ገሠሠ ሙሌን አስጠራ። ሙሌ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት ነፍቶ ሰፈሩን የሚጠራ። ያለ ሞት አልነፋም ብሎ ብዙ አንገራገረ። ገሠሠ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ነፍተህ ስታበቃ ልምምድ ነው ብለህ ትለፍፋለህ ብሎ አሳመነው፤ ሙሌም ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነፋ።

ልፈፋውን ማን ይስማ! ጥሩምባ የሚነፋው ንጋት ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከተነፋ ድንገተኛ ሞት ነው። የተነፋው ደግሞ ቢሮው በር ላይ ነው። እዚያ ቢሮ ሰሞኑን ሲመነምን የታየው ማን ነው? ሟቹን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም።

በአሥራ ሁለት ደቂቃ ድንኳኑ ደረሰ። አግዳሚው፣ የውሃ በርሜሉ፣ ብረት ድስቱ ተከተለ። ወንዶቹ ካስማ ሲተክሉ ሴቶቹ ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ጣዱ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ለማወቅ ስም ጠራ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ገሠሠ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ይህን እያየ እፎይ ሊል ሲል ለቅሶ ሰማ።

እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

«ገሠሠ ልጄ! ቦይ ጥረጉ እያልክ የለፋህልን! ከእንግዲህ ማን ይቆጣን?»

ለካ ሰምተውታል! ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። ገሠሠ እንባው መጣ። ዓይኑን እየጠረገ ሄዶ ፊታቸው ቆመና አለሁ እትዬ አላቸው። አፍጥጠው አዩት፣ አገላብጠው ሳሙት፣ ከዚያ ትከሻውን በቡጢ ነረቱት።

አንደኛዋ እንግዳ ይህን ሥርዓት ያሠለጠናችሁ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ዙፋን ገሠሠን በዓይናቸው ዋሽ አሉት። እሱ ግን አሁን የለቀሱለትን ሰዎች እያየ መዋሸት አልሆነለትም።

«ያሠለጠንኳቸው እኔ አይደለሁም» አለ። «እድር ነው። ሳይረኑ አልሠራም፤ እነሱ የሞትኩ መስሏቸው ነው የመጡት።»

እንግዳዋ ብዕሯን አቆመች። ከዚያ አጎንብሳ ቃል በቃል ጻፈችው። ለካ በእንግዶቹም ዘንድ እድር አለ፤ ለአደጋ ጊዜም ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ዙፋን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠጋ አሉት።

«ዋጫ ቀርቷል። አሁን ሩጥና መሲ ከሰው ሳትሰማ ድረስላት።»

ገሠሠ ወደ ትምህርት ቤቱ መሮጥ ሲጀምር እትዬ በዛወርቅ ከኋላው ድምጻቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩት።

«ቦዩን ዛሬውኑ አስጠርጋለሁ። የእውነት ስትሞት ግን አልመጣም፤ ድርሻዬን አልቅሻለሁ።»