መቶ አለቃ ዘርጋውና የነጠላው ቋጠሮ

አንባቢ ሆይ፣ ነፍሴን በያዘ አምላክ፣ በቀረችኝም ቅንጣት ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ቃል ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ብታገኝበት የቀረችኝ ዕድሜ ለአንተ ትሁን። ሥልጣንና ብትር አብረው መኖር ከጀመሩበት ዘመን አንሥቶ፣ ኃይልን የታጠቀ ሰው በማን ኃይል ይገታል የሚለው ጥያቄ ጠቢባንን ሲያስጨንቅ፣ መኳንንትን ሲያሳፍር ኖሯል፤ በዚያ ባለፈው፣ በዚያ በናፈቀን ዘመን ግን ለዚህ ጥልቅና ረቂቅ ጥያቄ መልሱ የአንዲት ባልቴት የነጠላ ጫፍ ነበረ። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን ለእርምጃ አንሥቶም ቢሆን ባለበት ይቆማል፤ ከሳሽም የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ይቋጥራል፤ ሁለቱም ያለ ዘብና ያለ ሰንሰለት ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይወጣሉ። ዳኛ ሳይፈርድ ያንን ቋጠሮ የፈታ ሰው ግን፣ የተከሳሹን ዕዳ በራሱ ጫንቃ ላይ አነሣ ማለት ነበረ።

በዚያ ዘመን በጨፌ ሜዳ ከተማ የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ የነበሩት መቶ አለቃ ዘርጋው፣ ጢማቸው ከእርሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ፣ ድምፃቸው የጎረቤት ወረዳ ውሾችን የሚያስነሣ ግርማዊና አስፈሪ ሰው ነበሩ፤ ልባቸው ግን በሐዘን ተበልቷል። ቆላ የተከፈተው የጥጥ እርሻ ለዘበኝነት ሰው ይፈልግ ነበርና፣ ፖሊሶቻቸው አንድ በአንድ ከዱ፤ አንዱ ለእህቱ ሠርግ ፈቃድ ጠይቆ በዚያው ቀረ፤ ሌላው የደንብ ልብሱን አጥቦ ገመድ ላይ እንዳሰጣው ተሰወረ። የቀረላቸው አሥር አለቃ ወንድይፍራው ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሳሉን የሰማ ሌባ የሰረቀውን በሬ ሣር አጥግቦ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብቶ የሚመልስለት ዕፁብ ጀግና ነበረ። መቶ አለቃውም ይህን አንድ ሰው እንዳያጡ የገዛ ብርድ ልብሳቸውን አልብሰው፣ የጮማውን ብልት ከገበታቸው ቆርሰው፣ እንደ ሙሽራ ያባብሉት ጀመር። እንዲህ የተባበለ ሰው መኮፈሱ አይቀርምና፣ በአንድ የገበያ ቀን ለእህል መኪና መንገድ ሲያስለቅቅ፣ ጌሾ ሻጭዋ ወይዘሮ አንጓች ቅርጫታቸውን ቶሎ ባለማንሣታቸው ክንዳቸውን በዱላ መታው።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ወይዘሮ አንጓች። ያን ጊዜ የገበያው ጫጫታ ጸጥ አለ፤ አህዮች ማናፋታቸውን ውጠው አስቀሩ፤ ጫጩት ልትነጥቅ ትወርድ የነበረች ጭልፊት እንኳ ክንፏን እንደዘረጋች በአየር ላይ ቆመች። ወንድይፍራውም ቆመ። ባልቴቲቱ በደህናው እጃቸውና በጥርሳቸው ነጠላቸውን ከካፖርቱ ጫፍ ጋር ቋጠሩና፣ ገበያው ሁሉ እያየ ወደ ዳኛው ችሎት ይዘውት ሲወጡ፣ መንገዱ በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ያልፍ ነበርና መቶ አለቃው ተደናግጠው ወጡ። ሕጉን ሳያውቁት አይደለም፤ ነገር ግን ገመድ ላይ ተሰጥቶ የቀረው የደንብ ልብስ በዓይናቸው መጣባቸው።

«እመይቴ፣ ይህን ልጅ ከከሰሱብኝ ነገ ቆላ ነው። ለከተማው ሲሉ ይማሩት!»

«ለከተማው ስል ነው የቋጠርሁት፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ፈቱት። ወይዘሮ አንጓችም ያንኑ የነጠላ ጫፍ ከመቶ አለቃው ኮት ጋር ቋጠሩትና፣ «እንግዲያውስ መንገዱን ይምሩኝ፤ ጉልበቴ ደካማ ነው» አሏቸው። ያ ጢም በዚያች ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ወረደ።

ዳኛው ግራዝማች ይመር ነገሩን ሰምተው፣ «ቋጠሮውን የፈታህ አንተ ነህ፤ የባልቴቲቱ ክንድ እስኪድን ቅርጫታቸውን አንተ ትሸከማለህ» ብለው ሊፈርዱ ሲሉ፣ በራሱ ፈቃድ ከኋላ የተከተለው ወንድይፍራው ወደ ፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ ዱላውን ያነሣው የኔ እጅ ነው፤ ቅርጫቱንም ይኸው እጅ ያንሣው» አለ። እንዲሁ ተፈረደ፤ መቶ አለቃውም ድንጋይ ተሸክመው በገበያው መካከል ይቅርታ ለመኑ።

ከዚያ በኋላ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ጌሾ እየሰፈረ፣ «ጨምርበት እንጂ፣ አሥር አለቃ! ሌባ ስትይዝ እንዲህ ትሰስታለህ?» እያሉ ሴቶች ሲተርቡት ማየት ለጨፌ ሜዳ ከቲያትር የበለጠ ተድላ ሆነ። ይሁን እንጂ ወንድይፍራው ማምሻውን ለአዛዡ፣ «ፍርዴን ስጨርስ እሄዳለሁ፤ የእርሻው ሰው መኪና ይዞ ይጠብቀኛል። የዚህን ሕዝብ ዓይን ማየት አቃተኝ» ብሏቸው ነበርና፣ መቶ አለቃው ተጨነቁ፤ ተጨንቀውም የማይደረገውን አደረጉ። አንድ ድፍን ጠቦት አስነድተው ወደ ወይዘሮ አንጓች ቤት ሄዱ።

«እመይቴ፣ ክንድዎ... ትንሽ ቢቆይ? እስከ መስቀል ያህል ቢያምዎ ምናለ?»

ባልቴቲቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ያን ጊዜ የታሰረውን ሊፈቱብኝ፣ አሁን ደግሞ የተፈታውን ሊያሳስሩኝ? እኔ ሰው በውሸት አላስርም፣ መቶ አለቃ! ይልቅ ጠቦትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ጌሾዬን ሊበላብኝ ነው።»

በማግሥቱ ገበያ ወይዘሮ አንጓች የክንዳቸውን ማሰሪያ በሕዝብ ፊት ፈትተው ጣሉት። የእርሻው መኪና ከዋርካው ሥር ጡሩንባውን ነፋ። ወንድይፍራው ቅርጫቱን በቀስታ አስቀምጦ፣ መኪናውንም ሕዝቡንም አየ፤ መቶ አለቃው ግን ከጣቢያው በር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰውየው ከፊታቸው ቆሟል።

«አልሄድክም?»

«አሁን ብሄድ እዚህ የሚቀርልኝ ስም ያ ዱላ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ብርድ ልብስዎን ግን ይውሰዱልኝ፤ እንደ ሌላው ሰው ይዘዙኝ።»

መኪናው ባዶውን ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶም ከከዱት መካከል ያ ልብሱን አስጥቶ የጠፋው ተመልሶ መጣ፤ ልብሱ እስከዚያ ድረስ አልደረቀም ነበር ይባላል። መቶ አለቃ ዘርጋውም ከዚያ ወዲህ ማንንም አላባበሉም፤ ማንንም ከቋጠሮ አላስጣሉም። ዛሬ ያ ነጠላ የለም፤ ያ ቃል ሲጠራ የሚቆም እግርም አነሰ። በዕድሜዬ ስለማልሁ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ፤ ጭልፊቷ አልቆመችም፤ ጫጩቱን ነጥቃ ሄዳለች፤ ያቆምኋት እኔ ነኝ። ነገር ግን ባለ ዱላው ለሕግ በቆመበት ዘመን፣ ጭልፊት ብትበር ዓለም አይጎድልባትም።