ጋሼ ተከራይ

አጎቴ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በሸራ አሳትሞ ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅል ነው። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው፤ የሞተውንም ያለውንም አሰልፎ ስም ይጠራል። እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር። ረቂቁን በስልኬ ሲልክልኝ ግን ደሜ ፈላ። ሁሉም ሰው በደህና ጥቁር መስመር ከእናት ከአባቱ ጋር ተያይዟል። እናቴ ብቻ፣ የገዛ ታላቅ እህቱ፣ ዳር ላይ በነጠብጣብ ተንጠልጥላ ከሥሯ «አባት፦ ያልታወቀ» ይላል።

ወዲያው ደወልኩለት። ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ያለችኝን ትዕግሥት እዚያው ጨርሻት ነው ቤት የምገባው።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው ይሄ የጻፉት?»

«እኔ አይደለሁም፤ መዝገቡ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «አያትሽና አባባ ሦስት ጊዜ ተጋብተው ሁለት ጊዜ ተፋትተዋል። እናትሽ የተወለደችው ከመጀመሪያው ፍቺ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። አባባ ሆደ ሰፊ ሰው ስለነበረ ሁለቴም ይቅር ብሎ መለሳት። እኔ የመጣሁት ከሦስተኛው ጋብቻ በኋላ ነው።»

አፉን ሞልቶ ይቅር ብሎ ይለኛል። ወሬው እንኳ አዲስ አይደለም። ዘመዶቻችን አያቴን በሹክሹክታ «ወጣ ገባ» ይሏት ነበር፤ እናቴ በዚህ ስም ሥር ነው ያደገችው። ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ ችላዋለች። አሁን በሰባ ዓመቷ ደግሞ የልጅ ልጆቿ ቆመው ግድግዳ ላይ ሊያነቡት ነው። በቁሜ አይሆንም።

«የመዝገቡን ኮፒ ይላኩልኝ» አልኩት።

ወረቀቶቹ ሲደርሱኝ እናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። አጎቴ የገለበጠው ስምና ቀን ብቻ ነው። አድራሻውን ልብ አላለውም። በጋብቻውም በፍቺውም ላይ የባልም የሚስትም የቤት ቁጥር አንድ ነው፤ አንዴም አልተለወጠም። ምን ዓይነት ሰው ነው ተፋትቶ እዚያው የሚኖር?

«እማ፣ ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«እማማና እኔ።»

«ሌላስ?»

«ተከራይ ነበር፤ የጓሮዋን ክፍል የያዘ።» ባቄላውን እያየች ቀጠለች። «ጋሼ ተከራይ በዪው ብላኝ ነበር እማማ። ራት እየበላን በር ከተንኳኳ ሳህኑን ይዞ በጓሮ ይወጣል። እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይጨርሳል። ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ እሱ ነበር፤ ደግ ሰው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገባት፤ አጎትሽ ተወለደ። አባባ በዪው አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ተከራይ አባት ይሆናል እንዴ? ጋሼ እንዳልኩት ሞተ።»

«እማማ ያኔ የት ነበር የምትሠራው?»

«ስልክ ቤት ነዋ፤ መስመር ታገናኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው የገባችው። ባል ያላት ሴት አይቀጥሩም ነበር እኮ፤ ያገባችም ትባረራለች። ፈት ብትወልድ ያሟታል እንጂ አያስወጧትም፤ የሚፈሩት ባልን ነበር። መሀል ላይ አንድ ደግ አለቃ መጥቶ ያንን ሕግ ትቶት ነበር አሉ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቶሎ አነሱት። ኋላ ሕጉ ራሱ ሲሻር ጋሼ...»

እጇ ባቄላው ላይ ቀረ።

የመጀመሪያውን የፍቺ ወረቀት አስጠጋሁላት። አያቴ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስልክ ቤት ለመግባት ፈታችው፤ ደጉ አለቃ ሲመጣ አገባችው፤ ሲነሳ ፈታችው፤ ሕጉ ሲሻር እንደገና አገባችው። ባሏን ይዛ ሥራዋንም ያዘች። ስሟን ግን ለሰው አፍ ሰጠች።

«እና እሱ...» አለች እናቴ።

«እሱማ መቼ ሄደና፣ እማ።»

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ቆይታ «ለምን አልነገረችኝም?» አለችኝ።

«ዋሽታ መሥራቷ ቢታወቅ ጡረታዋ ይቀር ነበራ።»

«ዝም አይነቅዝም ትል ነበር ሁልጊዜ።»

ነቀዘ እንጂ። ሥራዬን ለማንም ሕግ አልሰጥም ማለቷ አኩርቶኛል፣ እሰየው የእኔ አያት። ግን ልጇ አባቷን አባባ ሳትለው ቀረች፤ ይሄ ደግሞ አንጀቴን አቃጠለኝ። ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የተሰሙኝ።

እሑድ እናቴን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት፤ እናቴ ስለ ጓሮው በር ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አባቱን ከነክብሩ መስቀል ፈልጎ ነው።

«በይ እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩን አስተካክላለሁ» አለ። «አንድ ጋብቻ ብቻ እናድርገው። በማጭበርበሩ ሰው ምን አገባው?»

«ሦስቱንም ጻፍ» አለች እናቴ።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሰባ ዓመት ሙሉ ሲል ነበር፤ አሁን የእኔ ተራ ነው።» እንደዚህ ስትናገር በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። «ሦስት ጊዜ ያገባት ሌላ አጥቶ ነው? ሦስቱንም ጻፍ። ፍቺዎቹንም ጻፋቸው፤ ከየፍቺው ሥር ደግሞ ‹ከቤት አልወጣም› በል።»

አጎቴ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እስክሪብቶውን አንስቶ ነጠብጣቡን ሰረዘ፤ በቦታው ጥቁር መስመር ሳበ።

እናቴ ግን እሱን መጠበቅ ትታለች። ምርኩዟን ይዛ ተነሳችና ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ፎቶ ሄደች፤ መስታወቱን በመዳፏ ጠረገችው።

«አባባ» አለችው፣ «እንግዳው ሄዷል። ግባና ራትህን ጨርስ።»