ስድስተኛዋ ማንኪያ

«ከየት አመጣቻቸው?» አለች ንግሥቴ፣ የሟች እኅቷን ሣጥን እንደ ከፈተች።

ሀብትነሽ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። እናቷ ወለተ ኢየሱስ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ውጭ ድንኳኑ ሥር የቡሬ ሰው ተቀምጧል። እዚህ ጓዳ ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው የኖሩ ስድስት የብር ማንኪያዎች ተዘርግተዋል። አንደኛዋ አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች።

«የፊታውራሪ ቤት ዕቃ ነው» አክስቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናትሽ እዚያ ወጥ ትሠራ ነበር። የመሬት አዋጁ ዓመት ቤቱ ሲወረስ ብዙ ዕቃ ጠፋ ተብሏል። እኔ እኅቴን አላማም፤ ግን…»

«ግን ምን?»

«የፊታውራሪ ልጅ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ለሰባቱ እመጣለሁ ብለው ልከዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ዝር ያላሉ ሴት ለለቅሶ ብቻ ይመጣሉ? ደርግ ከወደቀ ስድስት ዓመቱ፤ አሁን ዕቃዬን ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል?»

ሀብትነሽ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። የአምስቱ ጀርባ ላይ ጥቃቅን ማኅተም አለ፤ የተሰነጠቀችው ላይ የለም። ቀና ብላ አክስቷን አየች። የሣጥኑ ቁልፍ ከቀብሩ ጀምሮ ንግሥቴ ዘንድ ነበር። ለውጣት ይሆን?

በማግስቱ ለማንም ሳትናገር ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ፍኖተ ሰላም ወረደች።

ሽማግሌው አንጥረኛ አቶ እንዳለው መነጽራቸውን አጥልቀው አምስቱን ወደ ጎን አደረጉ። «እኒህ የውጭ ናቸው። ማኅተሙ የብሩን ጥራት ይናገራል።» ስድስተኛዋን ግን ይዘው ቆዩ። «ይቺም ብር ናት። የሠራኋት እኔ ነኝ።»

«ማን አሠራዎት?» የአክስቷን ስም ጠበቀች።

«ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ ቀጠን ያለች የቡሬ ሴት። ድሪዋንና የአንገት መስቀሏን አምጥታ ያቅልጡልኝ አለች። ‹የሰው አደራ ነው፤ አንዷን ልጄ ጣለችብኝ። ባለቤቷ ሲመጡ ቁጥሩ እንዳይጎድልብኝ› አለች።»

ሀብትነሽ ያን ቀን አስታወሰች። ሰባት ዓመቷ ነበር። በሚያብረቀርቅ ማንኪያ ወንዝ ዳር አፈር ስትቆፍር ጎርፍ ወሰደባት። እናቷ አልመታቻትም፤ ቀኑን ሙሉ ጭቃውን ስትዳብስ ዋለች እንጂ። ከዚያ ወዲህ አንገቷ ባዶ ሆነ። ጎረቤት ለወንድ ሰጠችው ብሎ አማት። ሀብትነሽም ካደገች በኋላ፣ አንድ ቀን ተጣልተው፣ «ድሪሽን ለማን ሰጠሽው?» ብላታለች።

«ለሚገባው» ነበር መልሷ። ሀብትነሽ ያን ዕለት ሐሜቱን አመነች።

«ስንጥቁን ልበይደው?» አሉ አቶ እንዳለው። «ከፈለግሽ ማኅተሙንም አስመስዬ አወጣላታለሁ። ማንም አይለያት።»

ሀብትነሽ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ስድስቱ ከተመሳሰሉ የእናቷ ስም ይተርፋል፤ የሚጠይቅም አይኖር። ግን እጇን ዘርግታ ማንኪያዋን ከእጃቸው ወሰደች።

«ይተዉት፣ አባባ። እንዳለች ትሁን።»

በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከባሕር ዳር መጡ። ሲያለቅሱ ድንኳኑ ሙሉ ዓይን ይከተላቸው ነበር። ሀብትነሽ ወደ ጓዳ አስገብታ ማንኪያዎቹን ፊታቸው ዘረጋች።

«አምስቱ የርስዎ ናቸው። ስድስተኛዋን የጣልኋት እኔ ነኝ። ይቺን እናቴ ድሪዋን አቅልጣ አሠራቻት።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ የተሰነጠቀችውን አንሥተው ጀርባዋን ገለበጡ።

«ቤቱ ሲወረስ ስድስቱንም በእጄ ነው የሰጠኋት» አሉ። «ሸጣ በልታቸዋለች ብዬ ነበር። ብቅ በሉ ብላ ሁለቴ ልካብኛለች፤ የምትለምነኝ ነገር ያላት መስሎኝ ቀረሁ። በዚህ መንገድ ሳልፍ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው።» አምስቱን በመሐረባቸው ቋጠሩ። ስድስተኛዋን ሀብትነሽ መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቿን አጠፉላት። «ይቺ የእናትሽ ናት።»

ንግሥቴ በሩ ሥር ቆማ ሁሉን ሰምታለች። እንግዳዋ ሲሄዱ አንድ ሳህን አጥሚት ይዛ ገባችና ከእኅቷ ልጅ ጎን ተቀመጠች። ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱም እህል በቅጡ አልቀመሱም።

ሀብትነሽ ማንኪያዋን አነሣች። አንገቷ እንዳይለቅ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ደግፋ ጨለፈችና፣ መጀመሪያ ወደ አክስቷ አፍ አስጠጋቻት።