ባሕር ዛፍ በድንቹ ማሳ

ጌጡ ከጉና ሥር ስድስት ልጆች አሳድጎ አምስቱን ሸኝቷል። ሁለቱ ጅዳ፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው፤ አንደኛው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። በመንደሩ ጎረምሳ የሚባል ጠፍቶ እርሻው በሽማግሌና በባልቴት እጅ ነው። ጌጡ ዘንድ የቀረችው የመጨረሻ ልጁ ማስተዋል ብቻ ነበረች።

እሷም ደብረ ታቦር ወርዳ ለዓረብ አገር የቤት ሥራ ሠልጥናለች። የራሷ ስልክ ስላልነበራት ለኤጀንሲው የሰጠችው የአባቷን ቁጥር ነው። ጥሪው የመጣው ድንቹ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው፣ ውሃ ልትቀዳ በሄደችበት ሰዓት ነው።

«የማስተዋል አባት ነዎት? ቪዛዋ ወጥቷል፤ ነገ ትምጣ።»

ጌጡ ማሳውን አየ። ወገቡን አሰበ።

«ማስተዋል ሞታለች» አለ።

«ውይ፣ ነፍስ ይማር!» ብላ ሴትዮዋ ዘጋች።

ማስተዋል ድንቹን አወጣች፤ ገብሱን አጨደች፤ ጠበቀች። በአራተኛው ወር ትዕግሥቷ አልቆ ከተማ፣ ኤጀንሲው ዘንድ ወረደች። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ደነገጠች።

«እህቴ፣ አባትሽ ሞታለች ብለውናል እኮ! በቦታሽ ሌላ ልጅ ሄዳለች።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ መቼ ነው የሞትሁት?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጌጡ ጋቢውን አጣፋ።

«ድንቹ ደርሶ ነበር» አለ።

«ተዝካሬንስ አወጡልኝ?»

«አምስቱ ሄደው ቀሩ። አንቺንም ሰድጄ መሬቱን ከማን ጋር ልረሰው?»

«እንግዲያው እንደሞትሁ ይቁጠሩኝ» አለችና ቤት እንኳ ሳትገባ በለበሰችው ልብስ ሄደች። ከደላላ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን እንደገባች ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት ጌጡ ለድንቹ ደቦ ጠራ። ጠላው ተጠምቆ ቆየ፤ አንድም ሰው አልመጣም። ጎረቤቱ ዘነበች በአጥሩ በኩል፦

«በቁሟ የቀበሯትን ይጥሩ እንጂ፣ እኛ ምን እናደርግልዎታለን?» አለችው።

ብቻውን አራት ቀን ቆፈረ፤ የቀረው መሬት ውስጥ በሰበሰ።

ከዚያ እንደ ብዙው የመንደሩ ሰው የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዛ። ባሕር ዛፍ አራሚ አይፈልግም፣ ቆፋሪም አይፈልግም።

«ለቆረጣ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ሻጩን ጠየቀው።

«በዚህ ብርድ? አሥር ዓመት።»

ጌጡ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ተንበርክኮ መትከል ጀመረ፤ ከድንቹ ማሳ እስከ ደጁ ድረስ ተከለው።