ምድር ቤት የወረደው ምክር ቤት

ድምፅዋ አጥር ዘሎ ስለሚሰማ ሰፈሩ «ፊሽካ» ይላታል። እንዲህ ያለችን ልጅ አፈ ጉባኤ አድርጎ መምረጥ ለሰው ጆሮ አለማዘን ነው። ጓደኞቿ ግን መረጧት።

ማዘጋጃ ቤቱ በዓመት አንድ ቀን አዳራሹን ለወጣት ሴቶች ይለቃል። ደንብ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከተማው የቱን በራሱ እንደሚወስን፣ የቱን ወደ ላይኛው መንግሥት እንደሚልክ በአባላቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ያጸደቁት ሐሳብ በእውነተኛው ምክር ቤት አጀንዳ ይያዛል። ስድስት ካለፈ የዓመት ሰው ይበለን ነው።

ፊሽካ ሐሳቧን ከቤት ይዛ ነው የመጣችው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአዳራሹ አጠገብ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አለ። አለ ከተባለ፤ ተቆልፎ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ከሆነ ቆይቷል። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ አክስቷ ናት። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ምድር ቤት ወዳለው መጸዳጃ ቤት ስትወርድ ስትወጣ ትውላለች፤ ማታ የምታሽላት ፊሽካ ናት። «አስከፍትልሻለሁ» ብላ ምላላታለች።

አዳራሹ ውስጥ ግን አክስትነት የለም።

«አክስቴ፣ መዶሻው የት አለ?»

«እዚህ አክስትሽ አይደለሁም። ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እፊትዎ ነው።»

«ክብርት» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊሽካም መዶሻውን አንዴ ካገኘች ወዲያ ማን ይቻላት! ሰው ባነጠሰ ቁጥር ጠረጴዛውን ትደበድበው ጀመር።

ሐሳቧን እንዳቀረበች «ጠበቃዋ» የሚሏት ጓደኛዋ ተነሣች። «በሩ ይከፈት እንበል። ወንበሮቹስ የት ይሄዳሉ?»

«እናንተ ቤት!» አለች አንዷ ከኋላ።

መዶሻ! ሳቅ! ክርክሩ ወንበር ላይ ተተክሎ ቀረ። መሐል ላይ ለስላሳ መጠጥ ታደለ፤ ጉዱም የመጣው ከሱ ነው። ፊሽካ ለድምፅ አሰጣጥ ቀና ስትል አዳራሹ ጭር ብሏል።

«ሰዉ የት ገባ?»

«ምድር ቤት ወረደ» አለች ከቀሩት አንዷ። «አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ተከተለች፤ እኛን አታውቂንም?»

አክስትየው ቃል ሳታባክን ተናገረች። «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም። ከግማሽ በላይ አባል ከሌለ ድምፅ አይሰጥም።»

ሰዓቱ ስድስት ሊል ነው። ፊሽካ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ቀደመው።

«አክስ… ክብርት ጸሐፊ፣ ደንቡ ስብሰባው የት ይሁን ይላል?»

«በማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ።»

«ምድር ቤቱስ ሕንጻው ውስጥ አይደለም?»

የአክስትየው መነጽር ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ተንሸራተተ። «…ነው።»

ፊሽካ መዶሻዋን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደችው፤ የቀሩት አባላትም እየተንጫጩ ተከተሏት። አክስትየው የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ቃለ ጉባኤውን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ እያጉረመረመች ደረሰች። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው የቆሙት ሴቶች መዶሻው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ደነገጡ።

«ስብሰባው ቀጥሏል! የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

እጅ በእጅ ላይ ወጣ፤ የወንበሮቹ ነገር ያልለቀቃቸው ግን እጃቸውን አላነሡም። አክስትየው ቆጠረች። «ለማጽደቅ አንድ እጅ ይጎድላል።»

«እኔስ!» አለ ከተዘጋው በር ውስጥ የጠበቃዋ ድምፅ። ከበሩ በላይ አንድ እጅ ብቅ አለ። «እዚህ ለመድረስ ስሮጥ ልሞት ነበር። ወንበሮቹ ገደል ይግቡ፣ ይከፈት!»

«ሞልቷል» አለች አክስትየው፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሳቀው።

«ጸድቋል!» ፊሽካ እጅ መታጠቢያውን በመዶሻው መታችው። ላይ ፎቅ ሰዓቱ ስድስት ደወለ፤ ኮሪደሩ በእልልታ ተናወጠ።

አክስትየው ጽፋ ስትጨርስ ያን ሁሉ ደረጃ ቀና ብላ አየችውና ክንዷን ዘረጋች።

«ነይ እስቲ፣ ደግፊኝ።»

«እዚህስ አክስቴ ነሽ?»

«እዚህማ ምድር ቤት ነው» አለች፤ «ነኝ።»