የሰርዶ ውሃ

«ፍሪጁ እንደበራ ነው?»

ነኢማ የቴምሩን ሰሃን እንደያዘች ቀጥ አለች። ለቅሶ ደራሽ ምን አሟት እንደነበር ይጠይቃል፤ ይህ ብዙነህ የሚባል የተሳቢ ሾፌር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሰመራ እየተመላለሰ የሚጠይቀው ስለ ሟች እህቷ ፍሪጅ ነው።

«ፍሪጁ ምን ይሆንልሃል?»

«ኧረ ምንም… መብራት እንዳይጠፋበት ብዬ ነው» አለና እግሩ ሥር ያለውን ጥቁር ፌስታል ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

ጓዳ ስትገባ የሟቿ ጎረቤት ኸሊዳ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «እኔ ሐሜት አልወድም። ግን ይሄ ሰውዬ በየወሩ መኪናውን እዚህ በር ላይ አቁሞ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ይገባ ነበር። እሷም ባል አላገባች… አላህ ይርሐማት።»

የነኢማ ፊት ጋለ። እህቷ ሐጂራ ስንቱን አፍ ችላ ነው ለዚህ የበቃችው! አዋሽ ላይ፣ በእናታቸው ሻይ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ፣ የአንዳንድ ልጆች ጥርስ ለምን እንደዛገ ቆርቆሮ ቡኒ እንደሆነ የጠየቀች እሷ ነበረች። ውሃው ነው ብላ ኬሚስትሪ ልትማር ስትነሳ ሾፌሮቹ ሳቁባት።

«ሴት ልጅ ውሃ ትቀዳለች እንጂ ውሃ ትማራለች እንዴ?»

«ስቀዳ ነዋ ያየሁት!» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ከሰፈሩ ዶክተር ተብላ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። አሁን ስሟን አንድ ሾፌር ይዞት ሊሄድ ነው?

ነኢማ ወደ ድንኳኑ ወጥታ ፊቱ ቆመች። «ወንድሜ፣ ከእህቴ ጋር ምን ነበራችሁ? ፌስታሉ ውስጥስ ምንድን ነው?»

ብዙነህ ፌስታሉን ፈታው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው፤ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ «ሰርዶ፣ 12» ይላል።

«በየወሩ ከሰርዶ ጉድጓድ እቀዳላታለሁ። በጋና ክረምት ውሃው ይለዋወጥ እንደሆነ ልታይ፣ ዓመት ሲሞላ አንድ ላይ ልታስመረምረው ነበር። አሥራ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ለማን ልስጥ? አንቺን እንደሁ ፈራሁሽ፤ ዓይንሽ ሌባ ነህ ይለኛል።»

ነኢማ ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። በመጀመሪያው ቀን፣ በቀትሩ ሐሩር፣ ለለቅሶ ደራሹ ቀዝቃዛ ውሃ የምታስገባበት ቦታ ስትፈልግ ፍሪጁን የሞሉትን ሃይላንዶች አግኝታ ነበር። የከረመ ውሃ መስሏት አንድ በአንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ሰዎቹ ለዙህር ሰላት እጅ እግራቸውን እየታጠቡ ውዱ አደረጉበት።

«የለም» አለች። «እኔ ነኝ የደፋሁት።»

ብዙነህ ጠርሙሱን አቀበላት። «እንግዲህ ከአንድ እንጀምራለን። መንገዱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ጓዳ ገብታ ለለቅሶ ደራሹ ያስገባችውን የእሽግ ውሃ ሁሉ ከፍሪጁ አወጣችና የሰርዶዋን ብቻዋን አስቀመጠች። ፍሪጁ ላይ የሐጂራ ደብተር ነበር፤ ውሃው የተቀዳባቸው አሥራ አንድ ቀኖች፣ በአሥራ አንድ መስመር፣ በዚያ ደቃቅ ጽሑፏ። ነኢማ እስክሪብቶ አንስታ ከጎናቸው «ፈሰሰ» ብላ ጻፈች። ጥቂት አየችውና ሰረዘችው።

«ደፋሁት። ነኢማ።»