የዳክዬዎቹ ሰሃን

እና ደግሞ አልዋሸችም፣ በአላህ ምላ የተናገረችው እውነት ነው፣ ፎቶ ካነሳችው ሰሃን ሌላ ሰሃን ይዛ አልተቀመጠችም፣ ዛሬም ያው ነው፣ ሰላጣ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ስልኩ ከላይ አይቶ በያንዳንዱ ዙሪያ መስመር አሰመረ፣ ቲማቲሙን ቲማቲም፣ ዶሮውን ዶሮ አለው፣ ከዚያ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት፣ ጎበዝ ሐጃ ኢንሺራህ፣ ድንቅ ምሳ ነው። በስሟ እየጠራ። ሐጅ ሻፊ እንኳ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከእጇ የበላው ባሏ፣ ድንቅ ምሳ ነው ብሏት አያውቅም።

ታዲያ የደሟ ስኳር ለምን ወጣ? ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ነገራት፣ ቀኝ ዓይንሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ሐጃ፣ ስኳሩ ካልወረደ ግራውም ይከተላል። ይከተላል አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሴት ልጇ ሪሃም ልትወልድ ነው እኮ፣ የመጀመሪያዋን፣ እስክንድርያ ሆና ሆዷን በስልክ ታሳያታለች፣ እማዬ እዪው ይንቀሳቀሳል፣ እሷ ግራ ዓይኗን ታስጠጋለች፣ አየሁት የኔ ልጅ፣ አየሁት። ያንን ሕፃን ፊቱን በእጇ ዳብሳ ልትለየው ነው? ፈርታለች። በጣም ፈርታለች።

ስልኩ ላይ ይሄንን መተግበሪያ የጫነችላትም ሪሃም ናት፣ ከመብላትሽ በፊት አንሺው፣ እሱ ይለየዋል፣ ለስኳርሽ የሚስማማውን ይነግርሻል፣ ለኔም ይልክልኛል። ሐጅ ሻፊ ሳቀ፣ ደግሞ ጉሮሮሽን የሚጠብቅ ሰላይ ቤት አስገባሽ። ትናንት ደግሞ ደውላ ተቆጣች፣ እውነቱን ንገሪኝ እማዬ፣ የሚዋሸው ስልኩ ነው አንቺ ነሽ? ካየሽው ሌላ ምንም አልበላሁም። ወላሂ በይ። ወላሂ።

ወላሂ። ውሃው ይፈላል፣ ጁምዓ ነው፣ ወንዶች ልጆቿ ከመስጊድ ከአባታቸው ጋር መጥተው በልተው ሳሎን ሻይ ይጠብቃሉ፣ ሰሃኖቹን ታነሳሳለች፣ ሩዝ የተሞላ ዝኩኒ፣ ግማሹ ብቻ ተነክሶ፣ ምን ጎደለው ይሄ፣ ገና ትኩስ ነው፣ አፏ ውስጥ፣ የሐጅ ሻፊ የዶሮ ቆዳ፣ እሱ አይወደውም፣ አፏ ውስጥ፣ የዳቦ ጠርዝ፣ ዳቦ አይጣልም፣ የአላህ ሲሳይ ነው፣ ጠርዙን ስማ ግንባሯን አስነክታ፣ አፏ ውስጥ፣ ድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ በማንኪያ ይፋቃል፣ ይሄ መብላት አይደለም፣ ዕቃ ማነሳሳት ነው፣ መብላትማ ቁጭ ብሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ነው። ድሮ ይሄ ሁሉ ለዳክዬዎቹ ነበር፣ ጣሪያ ላይ ለነበሩት፣ ባልዲውን ይዛ ስትወጣ ገና ከደረጃው ኮቴዋን ለይተው ሲንጫጩ፣ ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ አለ፣ ተሸጡ።

ሻይዋን ፎቶ ታንሳ። ስኳር የለውም፣ አረንጓዴ ቅጠል ያስገኛል። በሌላኛው እጇ የዳቦውን ጠርዝ እንደያዘች ስልኩን ታነሳለች፣ እርጥብ አውራ ጣቷ ምኑን እንደነካ እንጃ፣ ካሜራው ወደሷ ዞረ፣ አንዲት ሴትዮ፣ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ከንፈሯ ላይ ሩዝ ተለጥፎ ታኝካለች፣ ማናት ይቺ፣ ስልኩ መስመሩን ያሰምራል፣ ሴትዮዋ ላይ አይደለም፣ እጇ ላይ። ዳቦ፣ ይላል።

ዳቦ።

ማኘኳን ታቆማለች። ከዚያ ትውጣለች፣ ምን ታድርገው።

ለእንግዳ የምታወጣውን ሰሃን ታወርዳለች፣ የቀረውን ትርፍራፊ ሁሉ ትሰበስብበታለች፣ የዋጠችውንም ያህል ከድስቱ ትጨምራለች፣ ሐቅ ሐቅ ነው፣ ሰሃኑ ሞልቶ ወደ ጠርዙ ይንሸራተታል፣ ሁለተኛ ምሳ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ በየቀኑ፣ ቆማ። ትቀመጣለች። ፎቶ ታነሳዋለች። ቀይ። ጎበዝም የለም፣ ሐጃም የለም፣ ወዲያው ስልኩ ይጮኻል፣ ሪሃም ናት።

እማዬ ምንድነው ይሄ፣ የማነው ሰሃን?

የዳክዬዎቹ።

የምን ዳክዬ፣ ዳክዬዎቹ ከተሸጡ ስንት ጊዜያቸው፣ እማዬ ደህና ነሽ?

እኮ፣ ትላለች፣ ተሸጡ እኮ፣ ትርፉ ግን በየቀኑ አለ፣ ማን የሚበላው መሰለሽ።

ሪሃም አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል፣ እማዬ፣ ትላለች።

አታልቅሺ፣ ለልጁ ጥሩ አይደለም። ሻፊ! ትጣራለች፣ ሐጅም ሳትል፣ ሻፊ ና ይሄን ሰሃን እታች ላሉት የጎረቤት ዝይዎች አድርስልኝ። ሻዩስ? ይላል ከሳሎን። ሻዩ ይጠብቅሃል፣ እግር አለህ ተነስ! ደረጃውን እያጉረመረመ ሲወርድ ትሰማዋለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ግራ ዓይኗን ትጠርግና ስልኩን ታስጠጋለች።

በይ አሁን ካሜራውን ወደ ሆድሽ አዙሪው፣ ትላለች፣ የእውነት ልየው።